እየራሰች የምትሮጠው ምራታችን

ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገራችሁ፤ የወንድሜ ሚስት ይርጋነሽ ስትሮጥ ሽንቷ ያመልጣታል። ያመልጣታል፣ ግን አታቆምም። ብቸና ውስጥ ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ካለም ከዛሬ ጀምሮ ይወቀው። እኔ አርሴማ እባላለሁ፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሳሙናና ዘይት፣ መርፌና ክር የምሸጥ ነኝ። "ስለ አንቺ ላውራ ወይ?" ብዬ ጠይቄያታለሁ። "ካወራሽ አይቀር አትሸፋፍኚው" ነው ያለችኝ። መሸፋፈን ደግሞ እኔም አይሆንልኝም፤ እናቴ ይህን ምላስ ከማን እንደወረስኩት እስካሁን ትጠይቃለች።

ይርጋነሽ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ናት። ያደገችው የጥኖራ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ በልጅነቷ ለትምህርት ቤቷ ሮጣለች፣ ቀጥሎ ለወረዳዋ። እኛ ከተማ ተመድባ የመጣች ሰሞን ጎህ ሲቀድ በደጀን መንገድ ስትሮጥ ያዩ አሮጊቶች "ይችን ልጅ ማን እያባረራት ነው?" ይሉ ነበር። ወንድሜ ስጦታው አናጢ ነው። እሷን ለማየት ሲል በማለዳ ወጥቶ የእንጨት ሥራ ቤቱን በር መጥረግ ጀመረ፤ ከዚያ በፊት መጥረጊያ ይዞ አይቼው አላውቅም። ሌላው ሰው መጀመሪያ ሽማግሌ ይልካል፤ እሱ መጀመሪያ የሩጫ ጫማ ገዛላት። ሽማግሌው በኋላ ደረሰ።

ሁለት ልጆች ወልዳ ሮጠች፤ ምንም አልሆነችም። ሦስተኛው ግን ትልቅ ልጅ ነበር፤ ምጡም ረጅም ነበር። ከእሱ ወዲህ ሲያስላት፣ ስትስቅ፣ ጀሪካን ስታነሳ ጠብ ይልባት ጀመር። ማንም አልነገረኝም፤ እሷም አልነገረችኝም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ትንሽ ነው፣ ይተወኛል እያለች ቆየች። በጥቅምት አንድ ቀን ግን ተማሪዎቿን ሜዳ ላይ አሰልፋ አዘላለል ስታሳያቸው ለቀቃት። የለበሰችው አመድማ ቱታ ነበር፤ ከኋላ የተሰለፉት ልጆች ሳይቀሩ አዩት።

ለምሳ ሱቄን ሳልዘጋ ወሬው ደረሰኝ። "ይርጋነሽን ፌስቱላ ያዛት አሉ" አለችኝ ሳሙና ልትገዛ የመጣች ሴት፤ የወንድሜ ሚስት መሆኗን እያወቀች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ጥቅምትም አይወጣም። ሳሙናዋን ሰጠሁና "ሌላ የጎደለሽ አለ?" አልኳት። አፍራ ሄደች።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጠርቶ አነጋገራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጉዳት ሲያደርስ እንኳ በትሕትና ነው። "ላይብረሪ ብትገቢስ? ተቀምጠሽ የምትሠሪው ነው፤ ላንቺም እረፍት ነው። ለሜዳው አንድ ወጣት መምህር መጥቶልናል" አላት። ይርጋነሽ ለሜዳ የተፈጠረች ሰው ናት፤ መደርደሪያ መሐል አስቀምጧት ማለት ግደሏት ማለት ነው። እሷም እንዲህ አለችው። "በግንቦት ሞጣ ላይ የመምህራን ሩጫ አለ። እዚያ ሮጬ ካልጨረስኩ የላይብረሪውን ቁልፍ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ። ከጨረስኩ ግን ስለ ቁልፍ አታንሳብኝ።" እሱም ተስማማ። እንደማትችል እርግጠኛ ስለነበር ነው የተስማማው።

እዚህ ላይ እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ወለተ ገብርኤል ትባላለች፤ ሰፈሩ ሁሉ በትሕትናዋ የሚያነሳት ሴት ናት። ኪዳነ ምሕረት ስትስም ወደ ውስጥ አትገባም፤ ከቅጥሩ ጥግ፣ ከወይራው ሥር ቆማ አስቀድሳ ትመለሳለች። "እኔ ለውስጥ የምበቃ አይደለሁም" ትላለች። ብዙ ሰው ውጪ ስለሚቆም ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሰውም "እንዴት ያለች ትሑት" ይላል፤ እኔም እል ነበር።

እናቴ ወሬውን የሰማች ዕለት መቀነት ይዛ መጣች። እኛ አገር የወለደች ሴት ሆዷን በመቀነት ትታሰራለች፤ ያልታሰረች ሴት ሆዷ ይዘረገፋል ይባላል። "ሦስተኛውን ስትወልጂ በደንብ አልታሰርሽም። የላላ ሆድ ምን ይይዛል?" አለች። ረጅም፣ ወፍራም፣ በእጅ የተፈተለ መቀነት ነው። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ አንዱን እናቴ፣ መሐል ይርጋነሽን አዞርናት። ጎትቺ ስትለኝ እጎትታለሁ። ይርጋነሽ እስኪያንቃት ታሰረች፤ "ይጥበቅ እማማ፣ ብቻ ይያዝልኝ" ትል ነበር።

እንዲያ ታስራ ትሮጥ ጀመር። ባሰባት። በባሰባት ቁጥር የላላ እየመሰላት ታጠብቃለች፤ ባጠበቀች ቁጥር ይብሳል። በዚያ ላይ ውሃ መጠጣት ተወች፤ ያልገባ አይወጣም ብላ ነው። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፣ ሽንቷ ማቃጠል ጀመረ፣ ትንሽ በትንሽም ያጣድፋት ገባ። እናቴ ደግሞ "ሦስት ልጅ የወለደች ሴት ጭኗን ከፍታ መሮጧን ትተው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ቤትሽ ተቀመጪ፣ ይረሳል" ትላታለች። ስጦታው ምን እንደሚል ጨንቆት የልጆቹን ልብስ ያጥባል። ወንዶች ሲጨንቃቸው የሚጠቅም ነገር መሥራታቸው ከስንት አንዴ ነው፤ እሱን አልነቅፍም።

እኔ በሱቄ አንድ ነገር አስተውላለሁ። ፀጉራቸው የሸበተ ሴቶች ይመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሞዴስ፤ ለልጄ ነው" ይሉኛል። የአንዷ ልጅ ሳውዲ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። ሌላዋ ጨርሶ ሴት ልጅ የላትም። እኔም በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ እሰጣለሁ፤ እነሱም በነጠላቸው ሥር ደብቀው ይሄዳሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ምኑም አልገባኝም ነበር። የይርጋነሽን ቱታ ሳሰጣ ነው የገባኝ፤ ከተማው ሙሉ ይህንኑ አምቃ የያዘች ሴት አለ ማለት ነው። ያን ቀን በጣም ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ለሱቄ ዕቃ የማመጣው ከሞጣ፣ ከእት ሳቢራ ነው። የአባቷን የጨርቅ ሱቅ ይዛ ያሰፋችው ናት፤ አያቶቿም እዚያው ከተማ ነግደው ነው ያለፉት። በኅዳር ልሄድ ስል ይርጋነሽን "ነይ ንፋስ ትቀበያለሽ" ብዬ ይዣት ሄድኩ። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን አልፎ በየጉድጓዱ ሲያነጥረን ፊቷ እየተለዋወጠ ነው። ሞጣ ስንወርድ ቀሚሷ ከኋላ ርሷል። እት ሳቢራ ከሱቋ ደጃፍ አየችን። ደንበኛ ቢኖርም ጨርቁን እጁ ላይ ትታለት መጣችና የይርጋነሽን እጅ ይዛ ወደ ጓሮ አስገባቻት።

ጓሮው ውስጥ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለምትታጠበው፣ ውሃ የምትይዝበት ማንቆርቆሪያ አለ። አንስታ ሰጠቻት፣ ንጹሕ ሽርጥም ሰጠቻት። ከዚያ እንደዋዛ "ከወሊድ ወዲህ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ይርጋነሽ ራሷን ነቀነቀች። "ታዲያ ምን ያስደነግጥሻል? ይህ እኮ የታወቀ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሽንቱ አልቋጠር ያለው ሰው ይታጠባል፣ ጨርቅ ይታጠቃል፣ ለየሶላቱ ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል። እየሰገደ ቢመጣበትም አያቋርጥም። ሶላት የማይተውለትን ነገር አንቺ ሩጫ ትተዪለታለሽ?" አለቻት። ይርጋነሽ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። ሌላ ሰው ሳያፍርባት፣ ሳያዝንላትም ሲያናግራት የመጀመሪያዋ ነበር።

የእት ሳቢራ እህት ልጅ ሲስተር ዘይዳ አዋላጅ ነርስ ናት። እዚያው ሞጣ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ተቀበለችን። ይርጋነሽ አልጋው ላይ ወጥታ ልብሷን ስትገልጥ ሲስተር መቀነቱን አየች። "ይህን ማን አሰረሽ?" አለች። እኔ ጣራውን አየሁ።

ከመረመረቻት በኋላ ሁለት ነገር ነገረችን። አንደኛ፣ ፌስቱላ አይደለም። ሁለተኛ፣ ምጡ ከታች ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ አላልቶታል፤ መቀነቱ ደግሞ ያባብሰዋል። "አቁማዳ አፉ ላልቶ ሳለ ወገቡን አንቀሽ ብታስሪው እህሉ የት ይሄዳል?" አለችን። ለገበሬ ልጆች ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። መቀነቱን ፈትታ ሰጠቻት፤ ውሃ ጠጪ አለቻት። ሽንት እንደምትይዝ አድርጋ ያን ጡንቻ ማጥበቅን፣ መልቀቅን፣ ዕቃ ስታነሳ ትንፋሽ ማውጣትን አስተማረቻት። "ወራት ይፈጃል። ይቀንሳል፤ ጨርሶ ይተወኛል ግን አትበይ" አለቻት።

"እስከዚያ ሩጫ ላቁም?" አለች ይርጋነሽ።

"መጀመሪያ ርቀቱን ቀንሺ፣ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ሞዴስ አድርጊ፣ ጥቁር ልበሺ። ማቆም ካማረሽ አቁሚ፤ እኔ ግን አላዘዝኩሽም።"

ብቸና ስንመለስ ይርጋነሽ መቀነቱን አጥባ፣ አጥፋ፣ በሁለት እጇ ለእናቴ መለሰችላት። እናቴ አልተቀበለችም። "ያዋለደችኝ፣ የወለደችኝ፣ ሁሉም የታሰሩበት ነው። አንዲት ሲስተር ነች የፈታችብን?" አለች። ይርጋነሽም "እማማ፣ ፈትቼው ቀሎኛል። አልመልሰውም" አለች። እናቴ ተነሳች። የሚቀጥለውን ነገር ስትናገር ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ያኔ ከንዴት መስሎኝ ነበር። "ሞጣ አደባባይ ላይ እንዲያ ሆነሽ ከታየሽ፣ ደጄን እንዳትረግጪ" አለቻት።

እንግዲህ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሁለቱም አልለቀቁም። እናቴ እነ ስጦታው ቤት መምጣት ተወች። ይርጋነሽ በየማለዳው ሮጠች። የዳገቱን ተወችና በሜዳው ጀመረች፣ ቀስ በቀስ ጨመረች። ሱቄ ውስጥ ቆማ እያወራችኝ በመሐል ዝም ስትል ጡንቻዋን እያጠበቀች እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም አብሬ አጠብቃለሁ፤ መቼ እንደሚያስፈልግ ማን ያውቃል። ከገና በኋላ ስትስል አያመልጣትም። ከፋሲካ በኋላ ቀጥ ባለው መንገድ ደርቃ ትመለሳለች። ቁልቁለት ላይ ግን አሁንም ይመጣል።

ግንቦት ደረሰ። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፤ የወረዳችን የእነማይ መምህራን በአንድ አውቶቡስ ተጭነው ሄዱ፣ እኔም ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩ። ይርጋነሽ ጥቁር ታይቷን ይዛለች፣ ሞዴሷን አድርጋለች፣ ሁሉ ተዘጋጅቷል። መነሻው ላይ አስተባባሪው ለየወረዳው የደንብ ልብስ ማደል ጀመረ። ለእኛ የደረሰን ነጣ ያለ ሰማያዊ ቱታ ነው፤ ጠብታ ውሃ ቢነካው ከሩቅ ይለያል። "በራሴ ልብስ ልሩጥ" አለች። "ደንብ ልብስ ያልለበሰ አይሮጥም" አለ አስተባባሪው። ርእሰ መምህሩ እዚያው ቆሞ ስልኩን ያይ ነበር። ይርጋነሽ ቱታውን እያገላበጠች አየችው፤ እኔን አየችኝ። "ተይው እንመለስ" ልላት ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እሷ ግን ለብሳው ጨርሳ ነበር።

ሩጫው በከተማው አውራ መንገድ ወጥቶ የሚመለስ ነው። ሲወጡ ከፊተኞቹ ጋር ነበረች። ሲመለሱ መጨረሻው ቁልቁለት ነው፤ እኔና እት ሳቢራ እዚያ ቆመን ጠበቅናት። ብቅ ስትል አየሁት፤ ቱታው ከጭኗ እስከ ጉልበቷ ጠቁሯል። አጠገባችን የቆመ ጎረምሳ "እንዴ፣ ሴትዮዋ ሸንታለች እኮ" አለ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ነው ያለው። ይርጋነሽ ሰማችው። ሳትዞር፣ ሳትቀንስም መለሰችለት።

"አዎ ሸንቻለሁ። አንተስ ደርቀህ ቆመሃል።"

ሰው ሳቀ፤ የተሳቀው በእሱ ነው። ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት፤ እት ሳቢራ ሻሿ ወልቆ እስኪወድቅ እልል ስትል እኔ ምስክር ነኝ። ይርጋነሽ ሦስተኛ ገባች። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ያልወለዱ ልጃገረዶች ናቸው፤ ይህን መዝግቡልኝ።

ሮጬ ደርሼ ወገቧ ላይ እንድታገለድመው ነጠላዬን አውልቄ ሰጠኋት። ተቀበለችኝና ፊቷን ጠረገችበት፤ ከዚያ አንገቷ ላይ ጣለችው። እንደዚያው ርሳ ሜዳሊያዋን ለመቀበል ወጣች፤ ሰውም በስልኩ ፎቶ አነሳት። ስትወርድ ርእሰ መምህሩ እጇን ጨበጠና "ስለ ቁልፉ..." ብሎ ጀመረ። "የምን ቁልፍ?" አለችው። እሱም ተወው። ላይብረሪውን በኋላ ያ ወጣት መምህር ያዘው፤ ተመችቶታል ይባላል።

ፎቶው ከእኛ ቀድሞ ብቸና ገብቷል። ከአውቶቡስ ስንወርድ ይርጋነሽ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ያንኑ ቱታ እንደለበሰች ቀጥ ብላ ወደ እናቴ ደጅ አመራች። "ኧረ ነገ ይሁን፣ ልብስሽንም ቀይሪ" አልኳት። "ደጄን አትርገጪ ያሉኝ ለዛሬ ነው፤ ዛሬ ነው የምረግጠው" አለችኝ።

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤት ፎቶውን አሳይቷታል። ይርጋነሽን ከላይ እስከ ታች አየቻትና "ግቢ" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ በቀስታ፣ "ያ ሁሉ ሰው እያየሽ... ምን ተሰማሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"መጀመሪያ ሞቀኝ፤ በኋላ ቀዘቀዘኝ" አለች ይርጋነሽ። "ሌላ ምንም አልሆንኩም እማማ። መሬት አልተከፈተችም።"

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። "እኔንም አልቋጠር ያለኝ አርሴማን ከወለድኩ ጀምሮ ነው" አለች።

እኔ ሠላሳዎቹን ተሻግሬያለሁ። ይህን ያህል ዘመን ከወይራው ሥር የቆመችው ለትሕትና አልነበረም። በዚህ ሆኜ የእግዚአብሔርን ቤት አላረክስም ብላ ነው። ለአባቴ አልነገረችም፤ አባቴ ሳያውቅ ሞተ። ለንስሐ አባቷም አልነገረችም። ይርጋነሽን መቀነት ስታስራት፣ የራሷንም በቀሚሷ ሥር እያጠበቀች ኖሯል። የሱቄ አሮጊቶች ሁሉ ሲገቡኝ የገዛ እናቴ አልገባችኝም ነበር። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ "አንቺ ምን አደረግሽ፣ መወለድሽ ነው?" ብላ ተቆጣችኝ።

ይርጋነሽ አላለቀሰችም። በማግሥቱ የእናቴን የንስሐ አባት፣ አባ ሣህለ ማርያምን ይዛ መጣች። መስቀል ተሳልመን እንደተቀመጥን "አባታችን፣ በወሊድ ምክንያት ሽንት የማይቋጠርላት ሴት ቤተ ክርስቲያን መግባት ትችላለች?" ብላ ጠየቀቻቸው። "ማን ናት?" አሉ። "እኔ ነኝ" አለች ይርጋነሽ። ያን ጊዜ እናቴ ወደ መሬት እያየች "እኔም ነኝ አባቴ" አለች።

አባ ሣህለ ማርያም ወደ እናቴ ዞሩ። "ይህ ሕመም ነው፤ ኃጢአት አይደለም። ታጠቢ፣ ንጹሕ ልበሺ፣ ግቢ" አሉ። ከዚያ አዘኑ፤ ማዘናቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል። "ለመሆኑ አትግቢ ያለሽ ማነው?"

"ማንም" አለች እናቴ።

በአሥራ ስድስት፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ እናቴ ታጠበች፤ የራሷን መቀነት ፈትታ ጓዳ ተወችው፤ ከሱቄ ያመጣሁላትን ሞዴስ አደረገች። ለሰው በጥቁር ፌስታል የምሰጠውን ለእሷ በእጄ ይዤ ነው የሄድኩት። ወይራው ጋ ስትደርስ እግሯ ሊቆም አለ፤ ይርጋነሽ ክንዷን ይዛ "እማማ፣ አይቆምም" አለቻትና አሳለፈቻት። ጫማቸውን አውልቀው አብረው ገቡ። እኔ ጫማቸውን ይዤ ደጁ ላይ ቀረሁ።

ቅዳሴው አልቆ ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ እየደጋገመች ወደ ኋላ ዞራ ቤተ ክርስቲያኑን ታይ ነበር። ገበያው ጋ ስንደርስ ቆም አለችና ይርጋነሽን ጠየቀቻት።

"የመቅደሱ መጋረጃ አረንጓዴ ነበር። መቼ ነው ቀይ ያደረጉት?"

ይርጋነሽ እኔን አየችኝ። እሷ እኛ ቤት ስትገባ ቀይ ነበር፤ እኔም ሌላ ቀለም አላስታውስም።